ምስክር ድንጋይ የዘመመበት ክረምት

በጡረታ በተሸኘሁበት ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና "ከሥራ ዘመንህ አንድ ነገር አውጋን" አሉኝ። እኔም ስለ መጀመሪያ ምድቤ ስለ ደምበጫ አወጋኋቸው። በገበያ ቀን የሰው ፈረስ የተዋስሁት መስሎኝ ፈትቼ ስሄድ፣ ባለቤቱ እየሮጠና እየጮኸ እስከ ድልድዩ ድረስ እንደ ተከተለኝ ነገርኋቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ተበተንን። ማውጋት የነበረብኝ ግን ሌላ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቦታዬ የተተካችው ልጅ ደወለችልኝ። "ጋሽ አስናቀ፣ የቅርስ ምዝገባው ቅጽ አሁን በታብሌት ሆኗል። አንድ መስመር ባዶ ከተውሁ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈኝም። የማይታወቅ ነገር ሲያጋጥምዎ እርስዎ ምን ይሞሉ ነበር?" አለችኝ። "መልሼ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት። አልደወልሁላትም። ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሥጉ ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የማረጋግጥ፣ ለአውቶቡስ አንድ ሰዓት ቀድሜ መናኸሪያ የምቆም ሰው ነኝ። ባለቤቴ "አንተ የሚያሰጋ ነገር ብታጣ እሱ ራሱ ያሰጋሃል" እያለች ትስቅብኛለች። መጀመሪያ አስተማሪ ነበርሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ያየ አንድ ኃላፊ ወደ ቅርስ ምዝገባ ወሰደኝ። ደምበጫ ጥቂት ዓመት፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ እስከ ጡረታ። ሥራው መስቀልና ብራና፣ የድሮ ድልድይ፣ ዋሻና የቆመ ድንጋይ እየዞሩ ማየት፣ መለካትና ቅጽ መሙላት ነው። የውሎ አበሉ የሚደርሰን ጉዞው ከተረሳ በኋላ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልልም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ፈንታ ናቸው። ዲማ ቅኔ ተምረው ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የዞሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር አንድ ድንጋይ ዘንድ ስንደርስ ሜትር ከቦርሳ ማውጣት ክልክል ነው። መጀመሪያ ትይዩ ይቀመጡና የያዙትን ቆሎ እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብለው ያዩታል። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፤ ሲዞሩ መሬቱን እንጂ ድንጋዩን አያዩም። ሣሩ የት እንደ ሳሳ፣ ከብት የት እንደሚታከክ፣ ሰው የት እንደሚቆም ከመሬቱ ነው የሚያነቡት። ከዚያ በመንገድ ያገኙትን የመጀመሪያ ሰው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው "ይህ ምንድን ነው?" አልነበረም። "እዚህ ላይ እንዳትቀመጡ የሚከለክላችሁ ማን ነው?" ነበር። ገበሬ "ምንድን ነው?" ሲባል "እኔ ምን አውቄ" ይላል። "ማን ይከለክላል?" ሲባል ግን ከአያቱ ጀምሮ ይተርካል።

በመጨረሻ ቱምቢ ያወጣሉ። ግንበኞች የግድግዳን መቃናት የሚያዩበት፣ በክር ላይ የተንጠለጠለ ብረት ማለቴ ነው። ከድንጋዩ ጫፍ ያንጠለጥሉትና መወዛወዙን እስኪያቆም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ክሩ ከድንጋዩ እግር ምን ያህል እንደ ራቀ ለክተው ይጽፋሉ፤ በዓመቱ ተመልሰው እንደገና ይለካሉ። የሚዘም ድንጋይ ዓይን ሳያየው ክር ያውቀዋል።

ቅጹ ላይ ደግሞ አንድ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው። ያላዩትን አይሞሉም። "ከመሬት በታች ያለው ርዝመት" የሚለው መስመር ላይ ሁልጊዜ በዚያ በሚያምር እጃቸው "አልታየም" ብለው ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ደምበጫ አካባቢ "ጋሼ፣ ትንሽ ብንቆፍር ይታይ የለም ወይ?" ብያቸው ነበር። "እኛ ከሄድን በኋላ ማን ይዞት ይቆማል?" ብለው ቱምቢያቸውን ጠቀለሉ። እኔ ያ "አልታየም" የሚለው ቃል ያሳክከኝ ነበር። ያልተሞላ መስመር ባየሁ ቁጥር ነገ ጠርተው የሚቆጡኝ ይመስለኛል።

ምስክር ድንጋይን ያወቅሁት ጋሽ ፈንታ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ከጉንደ ወይን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ቁልቁለት አፋፍ ላይ የቆመ፣ የተጠረበ፣ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ድንጋዩን ማን እንዳቆመው የሚያውቅ የለም። የደብሩ ቄስ ከዓባይ ማዶ የመጣ ታቦት ያረፈበት ምልክት ነው ይላሉ። ጉንደ ወይን ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ደግሞ "አባቶቻችን ጨው ጭነው ወደ በረሃው ሲወርዱ በቅሎ የሚያሳርፉበት ነው" አሉኝ። ከከተማ የመጣ አንድ አጥኚ የመቃብር ምልክት ሊሆን ይችላል ብሎኝ "ሊሆን ይችላል" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመልኝ።

ገበሬው ግን ጥርጥር የለውም። ድሮ አንድ ሰው የወንድሙን ድንበር ገፍቶ "አልገፋሁም" ብሎ ሲምል፣ ቃሉን ሳይጨርስ በቆመበት ድንጋይ ሆነ፤ ያ ሰው ይኸውና ይላል። ከዚያ ወዲህ በድንበር የተጣሉ ሰዎች የሚማማሉት እዚያ ነው። የሚምለው ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ከተጣሉበት ድንበር የአፈር ጓል አምጥቶ አናቱ ላይ ያደርጋል፤ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ "ዋሽቼ እንደሆነ ምስክር ይመስክርብኝ" ይላል። ሽማግሌው "ውጣ" እስኪለው ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ፍርድ ቤት ዓመታት የሚፈጀው ነገር እዚያ ከቀትር በፊት ያልቃል።

እኔ ልመዘግበው በሄድሁበት ግንቦት አያ ሙላት የሚባል ገበሬ ከጎረቤቱ ከአያ ደሴ ጋር በድንበር ተጣልቶ እዚያው ማለ። ቤቱ ከድንጋዩ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። ደሴም መሐላውን አምኖ ታረቁ። አያ ሙላት ልጁን ብርቄን ለጥር ሊድር ሽር ጉድ እያለ ነበርና ከጠብ በመገላገሉ ፊቱ በርቶ አየሁት። ይህን ሁሉ በቅጹ ላይ አሰፈርሁ። ያቺ "ከመሬት በታች ያለው ርዝመት" የምትለው መስመር ብቻ ባዶ ቀረች።

የዚያን ጊዜው ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባዶ ቦታ የማይወድ ሰው ነበር እንጂ። መስመሯን በቀይ አክብቦ ቅጹን መለሰልኝ። "አልታየም" ብዬ መልሼ ማስገባት እችል ነበር። ሰጋሁ። ገበሬው ድንጋዩ ሥር ዶማ እንዲያርፍ እንደማይፈቅድም አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው የማይኖርበትን ቀን መረጥሁ፤ የሰኔ ሚካኤልን። ቀበሌው በሙሉ ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ በዚያ ቀን አፈር የሚነካ ሰው በአገሩ የለም። ቀኑን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ዛሬ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ዶማ በጆንያ ጠቅልዬ ሄድሁ። አፈሩ ስለሚለሰልስ በታችኛው በኩል ቆፈርሁ። ከበሮው ከማዶ ይሰማኛል፤ ከበሮው ዝም ባለ ቁጥር ዶማዬም ዝም ይላል። ክንዴ እስከ ትከሻዬ እስኪገባ ቆፍሬ የድንጋዩን መጨረሻ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ድንጋዩን ደግፈው የያዙ፣ ተጠጋግተው የተሰኩ ትናንሽ ድንጋዮችን ነው። ሦስቱን ነቅዬ አወጣሁ። ወዲያው ያደረግሁትን ሳውቅ ደነገጥሁና ከአፈሩ ጋር እንደ ነገሩ መልሼ ከተትኋቸው፤ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ሣሩን ከላይ አለበስሁት። ቅጹ ላይ በግምት አንድ ቁጥር ጻፍሁ። ኃላፊዬ "አሁን ሙሉ ሆነ" ብሎ ፈረመበት።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ በወረደ ቁጥር ያ አፈር ውኃ ሲጠጣ ይታየኛል። ስልክ ልደውል አስብና ማንን ምን ብዬ ልጠይቅ እላለሁ። መስከረም ጠብቶ የተዘጋው መንገድ እንደ ተከፈተ "የክረምት ጉዳት ቁጥጥር" ብዬ ሄድሁ። ቱምቢ አላስፈለገኝም፤ ከሩቅ አየሁት። ምስክር ድንጋይ ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ አያ ሙላት ቤት ዘሟል።

ለወጉ ክሩን አንጠልጥዬ ስለካ የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ አያ ጥሩነህ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

"ሰማህ አይደል፣ ባለ ሜትሩ?" አሉኝ። ስሜን ትተው እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ።

"ምኑን?"

"ምስክር መሰከረ እንጂ! በሐምሌ ወደ ሙላት ቤት ጎንበስ አለ። ለካስ ያን ጓል ተሸክሞ የማለው በሐሰት ኖሯል። እኛ ሞኞቹ አስታርቀን፣ በልተን ጠጥተን!"

አያ ሙላት ለአረም ደቦ ቢጠራ ሰው አልሄደለትም። በማኅበሩ ላይ ጽዋው ሳይቀምሰው ያልፈዋል። ሚስቱ እሳት ብትለምን የሚሰጣት የለም። አያ ጥሩነህ ይህን ሲነግሩኝ እያዘኑ ነው፤ ከሙላት ጋር አብረው ነው ያደጉት።

ስመለስ አያ ሙላት ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል።

"አንተ የተማርህ ሰው ነህ" አለኝ። "እስቲ ንገረኝ፣ ድንጋይ ያለ ነገር ይዘማል?"

አፌን ከፈትሁ። "እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን የሚካኤል ቀን፣ ዶማው፣ በግምት የጻፍሁት ቁጥር፣ እንጀራዬ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጡብኝ።

"ዝናቡ ከባድ ነበር" አልሁት።

"ዝናቡማ በየዓመቱ ነው" አለና መሬት መሬት እያየ ወደ ቤቱ ገባ።

ሪፖርቴም ላይ ያንኑ ጻፍሁ፤ በክረምቱ ዝናብ ብዛት ዘሟል ብዬ። ጽሑፌ እንደ ወትሮው ያምር ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ከጉንደ ወይን የመጣ አንድ ሹፌር ስለዚያ መንደር ሲያወራ የብርቄ እጮኛ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን እንዳፈረሱ ነገረኝ። "በሐሰት ከማለ ሰው ጋር ማን ይዛመዳል?" አለ፤ ነገሩ ግልጽ ነው በሚል ድምፅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ተቀምጬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዶማዬን ያየ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ደግሞም ማንም አለመምጣቱ ያስፈራኝ ጀመር፤ ማንም ካልመጣ ነገሩ ለሁልጊዜው በአያ ሙላት ላይ ይቀራላ።

በኅዳር ጋሽ ፈንታን ልጠይቅ ሄድሁ። ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ስለ ሕመማቸው ሳወራ ቆይቼ እንደ ዋዛ "ምስክር ድንጋይ ዘመመ" አልኋቸው።

"በየት በኩል?"

"በታች በኩል።"

"የላዩ አፈር ነው የተሰነጠቀው ወይስ የታቹ ነው የሰመጠው?"

"የታቹ ነው የሰመጠው።"

"እዚያ ላይ የበቀለው ሣር ነው?"

"አይደለም" አልሁ። በቆፈርሁት ልክ፣ ከዙሪያው ሣር ተለይቶ፣ አረም በቅሎበት ነበር።

"ማን ቆፈረው፣ አስናቀ?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"በሰኔ ሚካኤል።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ሪፖርት እንዳትጽፍ" አሉኝ። "ሄደህ በአፍህ ንገራቸው። ስትነግራቸው ዝናቡን አታንሣ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ድንጋዩ ዘንድ እንዲሰበሰብልኝ አያ ጥሩነህን ለመንሁ። አያ ሙላት ተጠርቶ መጣ፤ ከሰው ተለይቶ ከነልጁ ዳር ላይ ቆመ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። የሚካኤልን ቀን ስጠራ ሴቶቹ "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። ስጨርስ የሚሰድቡኝ፣ ምናልባትም የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። ለእሱ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት።

አያ ጥሩነህ ግን በርጋታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ አንተንስ ያስቆፈረህ ማን ነው? ምስክር እጅ የለው፤ መመስከር ሲሻ ያንተን እጅ ተዋሰ። በንግሥ ቀን ክርስቲያን ዶማ የሚያነሣው እንዲያው በጤናው ነው?"

ሰዉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። እውነቱን ተናግሬ፣ ያ እውነት ተመልሶ በአያ ሙላት ላይ ሆነበት። "አይደለም! ወደ ላይ በኩል ብቆፍር ኖሮ ወደ ላይ ይዘም ነበር! እኔ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ተሰባበረ።

ደሴ ከኋላ "ሙላት እንዲህ በል ብሎ ለምኖት ቢሆንስ? እንደኛ ይማል!" አለ። አያ ጥሩነህም አየት አድርገውኝ "ይማል። በዘመመበት በኩል ቆሞ ይማል" አሉ።

እዚያ ከቆሙት ሁሉ የዚያን ድንጋይ ነገር በልኩ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ክሩን አንጠልጥዬ ለክቼዋለሁ፤ ከመስከረም ወዲህ አራት ጣት ጨምሯል። እነሱ ከዋሸ ይወድቅበታል ብለው ነው የሚያስቡት። እኔ ደግሞ እውነት እየተናገርሁም ሊወድቅብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ከወደቀብኝ "ዋሽቶ ነበር" ይባላል፤ አያ ሙላትም ከእኔ ጋር ይቀበራል።

ጫማዬን አወለቅሁ። ከቆፈርሁበት ቦታ ጓል አንሥቼ አናቴ ላይ አደረግሁ። በታች በኩል ገብቼ ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ጎንበስ ያለ ስለሆነ ትከሻዬ ላይ የተጫነኝ መሰለኝ። "በሰኔ ሚካኤል በዚህ በኩል በዶማ የቆፈርሁት እኔ ነኝ። ደግፈው የያዙትን ድንጋዮች የነቀልሁት እኔ ነኝ። ሰውም ድንጋይም አልላከኝ፣ ማንም አልለመነኝ። ዋሽቼ እንደሆነ ምስክር ይመስክርብኝ" አልሁ። አንገቴ ላይ አፈር ይወርድ ጀመር፤ ከጓሉ ይሁን ከላይ አላውቅም። ቀና ብሎ ማየት አይፈቀድም። አያ ጥሩነህ "ውጣ" እስኪሉኝ የቆየሁትን ያህል በዕድሜዬ የትም ቆሜ አላውቅም።

"ውጣ" አሉኝ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ዳር ዞረው "ሙላት፣ ወንድሜ፣ ና እስቲ" አሉ። አያ ሙላት ግን አልተንቀሳቀሰም። ደሴ ራሱ ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ አያ ሙላት ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ሁለቱም አለቀሱ። ቄሱ ለእኔ ንስሐ ሰጡኝ፤ ምን እንደሆነ የእኔና የእሳቸው ነው። በዚያው ሳምንት ሰዉ ተባብሮ ከምስክር ሥር ድንጋይ እየሰካ፣ ጋሽ ፈንታ አልጋ ላይ ሆነው በነገሩኝ መሠረት አጠበቀው። አላቃናነውም። እስከ ዛሬ ዘንበል እንዳለ ነው። እኔም በየሐምሌው አያ ሙላትን በስልክ እጠይቀዋለሁ፤ "ቆሟል፣ ቆሟል፣ አንተ ብቻ ተኛ" ይለኛል።

ከመሐላው ማግስት ለአያ ሙላት ጤፍ ደቦ ወጣ። ደሴ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። እኔም ማጭድ ለምኜ ገባሁ፤ የእኔን አጨዳ እያዩ ሲስቁብኝ ዋሉ፤ እኔም ከብዙ ወር በኋላ ሳቅሁ። ወደ ቀትር ብርቄ ነዶ እየሰበሰበች እኔ ዘንድ ደረሰችና ቆመች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?"

"ጠይቂኝ፣ ልጄ።"

"በመስከረም መጥተው ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜም ያውቁ ነበር?"

እጮኝነቷ የፈረሰው በጥቅምት ነው። እኔ የተናገርሁት በኅዳር ነው። እጮኛዋ የነበረው ልጅ በዚህ መካከል ሌላ አጭቷል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

"አውቅ ነበር" አልኋት።

ከዚያ ያጨድሁትን ነዶ ከእግሬ ሥር አንሥታ ወደ ክምሩ ሄደች።